ሥራ ሳይለቁ መጻፍ፣ ሳይከስሩ ማሳተም

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። ጠያቂዋ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህርትና የሁለት ልጆች እናት ናቸው። ባለፉት ስድስት ዓመታት በደብተር የጻፏቸው አሥራ አራት አጫጭር ልቦለዶችና አንድ ያልተቋጨ ረጅም ልቦለድ አሏቸው። እንዲህ ይላሉ፦ «ለመጻፍ ጊዜ ስላጣሁ ለአንድ ዓመት ሥራዬን ላቋርጥ አስቤአለሁ። በቅርቡ ዕቁብ ይደርሰኛል፤ በእሱ 3,000 ቅጂ ባሳትምስ? ማስተዋወቁን በምን ልጀምር? ደግሞስ በብዕር ስም ባሳትም መብቴን አጣለሁ?»

ሥራዎን አይልቀቁ፤ 3,000 ቅጂም አያሳትሙ፤ ለኅትመት ካሰቡት ገንዘብም ከፊሉን ለአርታኢ ይክፈሉ። ይህን የምለው ከሃያ ዓመት በላይ የሰው ረቂቅ ሲያርም እንደኖረ፣ አንድ ጊዜም በራሱ መጽሐፍ እንደከሰረ ሰው ነው።

ከሥራው ልነሣ። በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ በብዕሩ ገቢ ብቻ የኖረ ደራሲ መፈለግ አድካሚ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ዲፕሎማትና ሚኒስትር ነበሩ፤ በዓሉ ግርማ የጋዜጣና የመጽሔት አዘጋጅ ነበሩ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ቴአትር ቤት መርተዋል። ደመወዝ ያለው ሰው ረቂቁ እስኪበስል ሊጠብቅ ይችላል፤ የቤት ኪራዩን ከመጽሐፉ የሚጠብቅ ግን ገና ያልበሰለውን ይዞ ወደ ማተሚያ ቤት ይሮጣል። በእርስዎ ሁኔታ ላይ የምጨምረው ሌላም ነገር አለ። ቤት ትውላለች የተባለች ሴት ጊዜዋ የራሷ አይሆንም። ለቅሶው፣ አራሷ፣ ማኅበሩ፣ «ቤት ስላለሽ ልጁን ያዥልኝ» የሚለው ጎረቤት ሁሉ ወደ እርስዎ ይመጣል፤ ትምህርት ቤት ሳሉ ግን ማንም አይጠራዎትም። ለመጻፍ ብለው ሥራ አቁመው ዓመቱን ሙሉ እንግዳ ሲያስተናግዱ የከረሙ ሦስት እናቶች አውቃለሁ።

ስለዚህ ፍለጋችን ስለ አንድ ባዶ ዓመት ሳይሆን ስለ አንድ የተዘጋ ሰዓት ይሁን። ለአብዛኛው የቤተሰብ ሰው ይህ ሰዓት ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ያለው ነው፤ ልጆች አልነቁም፣ ስልክ አይጮኽም። መብራት ቢጠፋም እንዳይቋረጡ በደብተር መጻፍዎን አይተዉ፤ ደብተር ባትሪ አያልቅበትም። መጠኑን አነስተኛ ያድርጉት። በቀን 300 ቃል፣ በሳምንት አምስት ቀን ቢጽፉ በሳምንት 1,500 ቃል ይሆናል። በተለመደው የመጽሐፍ መጠን አንድ የአማርኛ ገጽ ወደ 220 ቃል ይይዛል ብንል፣ የ208 ገጽ ልቦለድ 46,000 ቃል ገደማ ነው፤ ይህም በ31 ሳምንት ያልቃል። በፈተና ማረሚያ ሳምንት 300ው ወደ 100 ይውረድ፤ ዜሮ ግን አይሁን፤ ምክንያቱም ለአሥር ቀን የተቋረጠ ልቦለድ ሲመለሱበት የገጸ ባሕርያቱ ድምፅ ይጠፋልና ያንን ድምፅ መልሶ ለማግኘት ብቻ ሌላ ሳምንት ይበላል።

ከልምድ የማውቀው አንድ ዘዴ አለ፤ የዕለቱን ጽሑፍ ትዕይንቱ ሲያልቅ ሳይሆን መሐል ላይ ያቁሙት። ቀጥሎ የሚመጣውን ዐረፍተ ነገር በኅዳጉ ላይ በግማሹ ጽፈው ይተዉት። በማግሥቱ ንጋት ባዶ ገጽ ላይ ከማፍጠጥ ይልቅ የትናንቱን ዐረፍተ ነገር ትጨርሳላችሁ፤ እጅዎም ይከተላል። (ይቅርታ፣ «ትጨርሳላችሁ» ያልኩት ክፍል ውስጥ ያለሁ ስለመሰለኝ ነው።) በደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ ቀኑን፣ የጀመሩበትንና ያቆሙበትን ሰዓት፣ የቃሉን ብዛት ይመዝግቡ። ይህ መዝገብ ከሁለት ወር በኋላ የትኛው ቀን እንደሚያዋጣዎት በግልጽ ያሳይዎታል፤ ስሜት ይዋሻል፤ መዝገቡ አይዋሽም።

የቱን ያስቀድሙ? በእኔ አስተያየት አጫጭሮቹን። መጽሐፍ ሻጮች ረጅም ልቦለድ ይሻላል ይሉዎታል፤ ከሽያጭ አንጻር እውነታቸው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያለቀ ሥራ ያላለቀው የማያስተምረውን ያስተምራል፣ በቀጭን መጽሐፍ የሚደርስ ኪሳራም ቀጭን ነው። ከአሥራ አራቱ ዘጠኙን ብቻ ይምረጡ። የሚቀሩትን አምስቱን ሲለዩ የሚሰማዎት ሕመም የአርትዖቱ የመጀመሪያ ትምህርት ነው። ረጅሙ ልቦለድ በንጋቱ ሰዓት እየተጻፈ ይቆይ።

አሁን ወደ አርትዖት ልግባ፤ ረዘም አድርጌም እቆይበታለሁ፤ ገንዘቡም ጊዜውም መዋል ያለበት እዚህ ላይ ነውና። በአገራችን ብዙ ጊዜ «አርታኢ» ተብሎ በመጽሐፉ የውስጥ ገጽ ላይ የሚመሰገነው ሰው በትክክል የሠራው የፊደል እርማት ነው። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የይዘት አርታኢ ታሪኩ የት እንደዘገየ፣ የትኛው ገጸ ባሕርይ ያለ ምክንያት እንደመጣ፣ የትኛው ጭውውት የደራሲዋ ስብከት እንደሆነ ይነግርዎታል። አራሚው ደግሞ ሁሉም ካለቀ በኋላ ፊደሉንና ሥርዓተ ነጥቡን ያጠራል። ያልተደራጀ ታሪክ ላይ ፊደል ማረም ሊፈርስ የታሰበ ግድግዳን ቀለም እንደመቀባት ነው። አርታኢ ሲመርጡ ሙሉ ረቂቁን አይስጡ፤ አንድ አጭር ልቦለድ ብቻ ሰጥተው፣ ለዚያም ሥራ ከፍለው፣ የሚመልስልዎትን ይመልከቱ። «በጣም ጥሩ ነው፤ ጥቂት የፊደል ግድፈት አለው» ካለ አመስግነው ይሰናበቱት።

አማርኛ ራሱ የሚያመጣቸው ጣጣዎችም አሉ። መጥበቅና መላላት በጽሕፈታችን አይታይም። «አለ» ተናገረም ነው፣ ኖረም ነው፤ «ይበላል» ሰውየው ምግብ ይበላልም ነው፣ ምግቡ በሰው ይበላልም ነው። ደራሲዋ ስትጽፈው በጆሮዋ ስለሚሰማት አይደናቅፋትም፤ አንባቢው ግን ዐረፍተ ነገሩን ጨርሶ ወደ ኋላ ይመለሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ጽሑፉን አይቶት የማያውቅ ሰው፣ ለምሳሌ አንድ የሥራ ባልደረባዎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብልዎት። እርስዎ አጠገቡ ተቀምጠው ምንም ሳይናገሩ፣ በተደናቀፈበት ሁሉ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። የመደናቀፉ ጥፋት የአንባቢው አይደለም። ይህ ሥራ ለአንድ አጭር ልቦለድ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ሆኖም ማንኛውም ባለሙያ ሊያደርግልዎት ከሚችለው ያላነሰ ይጠቅማል።

ሌላው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ። የአማርኛ መምህርት ስለሆኑ የራስዎ አቋም እንደሚኖርዎት እገምታለሁ፤ የግእዙን ሥር ቢከተሉም፣ በአንድ ፊደል ብቻ ቢጽፉም አልከራከርዎትም። የማይፈቀደው መቀላቀሉ ነው። «ዓለም» በገጽ 12፣ «አለም» በገጽ 13 ከሆነ አንባቢው የመጽሐፉ ባለቤት እንደሌለ ይሰማዋል። ስለዚህ በአንድ ወረቀት ላይ የራስዎን የአጻጻፍ ዝርዝር ያዘጋጁ፤ የገጸ ባሕርያቱን ስም፣ የቦታዎቹን ስም፣ ደጋግመው የሚጠቀሙባቸውን ቃላት ይያዙበት። ዝርዝሩ ለአርታኢውም፣ ለአራሚውም፣ ገጾቹን ለኅትመት ለሚያሰናዳው ገጽ ቀንባሪም ይደርሳል።

ደብተሩ በኮምፒውተር ሲተየብ ደግሞ ከመጀመሪያው በማንኛውም ኮምፒውተር በሚነበበው የፊደል አሠራር፣ በዩኒኮድ ይሁን። የድሮዎቹ የግእዝ ፎንቶች፣ ፓወር ግእዝና ቪዡዋል ግእዝ የመሳሰሉት፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ ጽሑፉን ወደማይነበብ ምልክት ይለውጡታል፤ ወደ ዩኒኮድ ሲገለበጡም አንዳንድ ፊደል ሊዛባ ይችላል። ትየባውን ለሌላ ሰው ከመስጠት ግን ራስዎ ቢያደርጉት እመርጣለሁ። ከደብተር ወደ ኮምፒውተር የሚደረገው ጉዞ ሁለተኛው ረቂቅ ነውና፤ እጅ እየተየበ ዓይን የማይወደውን ዐረፍተ ነገር ይጥላል።

ወደ ኅትመቱ እንምጣ። አታሚና አሳታሚ በቃል ቢቀራረቡም በኪሳራ ጊዜ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። አሳታሚ ገንዘቡን አውጥቶ፣ ኪሳራውን ተሸክሞ፣ ለደራሲው የሚከፍል ነው፤ አታሚ ግን ወረቀትና ቀለም ይሸጥልዎታል። በዘመነ ደርግ እንደ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ያለ ተቋም ነበረ፤ ዛሬ ግን ለአብዛኛው አዲስ ደራሲ አሳታሚው ራሱ ነው። ይህን ካወቁ በነጋዴ ዓይን ማስላት ይኖርብዎታል።

የሚከተሉትን ቁጥሮች ለስሌት ማሳያ ብቻ ይውሰዷቸው፤ እርስዎ ከማተሚያ ቤት በሚያገኙት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ይተኳቸዋል። የ144 ገጽ መጽሐፍ 1,000 ቅጂ ቢታተም አንዱ 150 ብር፣ 3,000 ቢታተም አንዱ 120 ብር ይሁን። የፕሌቱ፣ ማለትም የማተሚያ ሰሌዳው፣ እና የዝግጅቱ ወጪ ቅጂ በበዛ ቁጥር ስለሚከፋፈል የአንዱ ዋጋ ይቀንሳል፤ ማተሚያ ቤቱ 3,000 ይሻላል የሚልዎትም ለዚሁ ነው። ነገር ግን ጠቅላላው 150,000 እና 360,000 ብር ነው። የሽፋኑ ዋጋ 350 ብር ሆኖ አከፋፋይ 40 በመቶ ቢወስድ እጅዎ የሚገባው 210 ብር ነው። እንግዲህ ወጪዎን ለመመለስ 1,000ውን ካሳተሙ 715 ቅጂ፣ 3,000ውን ካሳተሙ 1,715 ቅጂ መሸጥ አለብዎት። ለመጀመሪያ መጽሐፍ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የእንቅልፍ ጉዳይ ነው። ከ1,000ው ላይ 200ውን በእጅዎ በሙሉ ዋጋ ቢሸጡ 70,000 ብር ይገባል፤ የቀረው 80,000 ብር በአከፋፋይ በኩል በ381 ቅጂ ይሸፈናል፣ በድምሩ 581 ማለት ነው። ለአርታኢ 40,000 ብር ቢጨምሩ እንኳ ወጪዎ የሚመለሰው በ772 ቅጂ ነው። አርትዖትን ጨምረው ጥቂት ማሳተም፣ ሳያርሙ ብዙ ከማሳተም በብዙ ይሻላል። መጽሐፉ ካለቀ ሁለተኛ ዕትም ይኖራል።

ገጹን 144 ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። ትልቁ ወረቀት ታትሞ ሲታጠፍ ብዙ ጊዜ 16 ገጽ ስለሚሆን፣ 144 ዘጠኝ ሙሉ ወረቀት ነው። ረቂቅዎ 147 ገጽ ቢመጣ ለሦስት ገጽ ብለው ተጨማሪ ወረቀት ይከፍላሉ፤ ገጽ ቀንባሪው ጥቂት ቢያጠጋጋው ይድናሉ። ከሦስት ማተሚያ ቤቶች ፕሮፎርማ ይሰብስቡ፤ ሦስቱም በተመሳሳይ የወረቀት ክብደት፣ በተመሳሳይ የሽፋን ዓይነት፣ የተሰፋ ወይም የተለጠፈ ጥራዝ መሆኑ ተጽፎ ይሁን፤ አለዚያ የምታነጻጽሩት በግና ፍየል ነው። ወረቀቱ ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ የውጭ ምንዛሬ ሲወደድ ዋጋው አብሮ ይወጣል፤ ስለዚህ ፕሮፎርማው እስከ መቼ እንደሚጸና አንብቡ። ሙሉው ከመታተሙ በፊት የናሙና ቅጂ ላይ ፈርሙ እንጂ በስልክ «ይሁን» አትበሉ። የመጽሐፉን ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር ብዙዎቻችን ወመዘክር ከምንለው ከብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ማግኘት ይቻላል፤ ሽፋኑ ከመዘጋጀቱ በፊት ያውጡት።

የእኔን ኪሳራ እዚህ ላይ ልንገርዎት። የመጀመሪያ መጽሐፌን ተበድሬ 3,000 አሳተምኩ። አንድ አከፋፋይ 1,200 ቅጂ ወሰደ፤ «ሲሸጥ እንተሳሰባለን» ተባባልን፤ ወረቀት አልተጻፈም። ከስምንት ወር በኋላ ስጠይቅ ሱቁ ተዘግቷል፣ ስልኩ አይሠራም። ከቀረው ውስጥ ብዙው አልጋዬ ሥር ሁለት ክረምት አሳልፎ አይጥ በላው። ከዚያ ወዲህ ለማንም የምመክረው ይህን ነው፤ ሽጦ ለማስረከብ ለሚወስድ ሰው ሁሉ ቁጥሩ፣ የቅናሹ መጠን፣ የመተሳሰቢያው ቀን የተጻፈበት የርክክብ ሰነድ ይፈረም፤ ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከ100 ቅጂ በላይ አይስጡ፤ የመጀመሪያው ሳይወራረድ ሁለተኛ አይጨምሩ። አዟሪዎቹን አይናቁ። በየካፌውና በየታክሲ ተራው መጽሐፍ ደርድረው የሚዞሩት ወጣቶች ብዙ ጊዜ በእጅ በእጅ ይገዛሉ፤ የትኛው ሽፋን ዓይን እንደሚይዝም ከማንም በላይ ያውቃሉ። ሽፋኑ ከመታተሙ በፊት ለሁለት ሦስት አዟሪ አሳይተው «ይህን ትይዘዋለህ?» ብለው ይጠይቁ።

ማስተዋወቅ የሚጀመረው ከምረቃው ቀን ሳይሆን ከዓመት በፊት ነው። በአገራችን መጽሐፍ በጆሮ ይጓዛል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ማንበብ ለማይችሉት ሁሉ የደረሰው ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ስለተረከው ነው። ዛሬም በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 የሚቀርብ ትረካ የመጽሐፍ መደብር በሌለበት ከተማ ይደመጣል። እንግዲህ ከዘጠኙ ታሪኮች ሁለቱን ለጆሮ ያዘጋጁ። ጭውውት የበዛበትን፣ በአሥራ አምስት ደቂቃ የሚያልቀውን ይምረጡ፤ ድምፅዎ የማይመች ከሆነ ከትምህርት ቤቱ የድራማ ክበብ ጥሩ አንባቢ ይፈልጉ። ቅጂውን በቴሌግራም ያጋሩት፤ ሬዲዮ ጣቢያዎችም ጋር ይላኩት። የቀሩትን ሰባቱን ግን ለማንም በነፃ አይልቀቁ። በተለይም ሙሉውን ፒዲኤፍ ከማተሚያ ቤቱ በቀር ለማንም፣ ለቅርብ ዘመድም ቢሆን፣ አይላኩ። አንድ ቅጂ በአንድ የቴሌግራም ቻናል ከገባ የሚያወጣው የለም፤ አስተያየት እንዲሰጥዎት ለሚፈልጉት ሰው በወረቀት አትመው ይስጡ።

አዲስ አበባ ለመመረቅ አይቸኩሉ። 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዳራሽ ተከራይቶ፣ ንግግር አድራጊ ጋብዞ ሠላሳ ቅጂ መሸጥ የተለመደ ታሪክ ነው። ደሴ ውስጥ ወሎ ባህል አምባ አለ፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከሁሉም በላይ ለዓመታት ያስተማሯቸው ተማሪዎችና ወላጆቻቸው አሉ። በምረቃው ላይ የሦስት ሰው ሰፊ ሒስ ከሚቀርብ አንድ ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቢነበብ ሕዝቡ መጽሐፉን ይዞ ይሄዳል። የሚሸጥ ሰው፣ ዝርዝር ብርና የሞባይል ክፍያ ቁጥር በሩ ላይ ይዘጋጅ። ሳያስቡት የሚቀር ነገር ስለሆነ ነው የማነሳው፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው መጥቶ መልስ የሚሰጥ ጠፍቶ ሲበተን አይቻለሁና። ተማሪ ግን በግድ አያስገዙ፤ የክፍል አስተማሪ ያስገዛችው መጽሐፍ አይነበብም፣ ቅሬታም ያመጣል።

ውጭ ያሉ ዘመዶች ካሉዎት በሻንጣ ሃያ ሠላሳ ቅጂ መላክ ይቻላል። በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ በሰኔ መጨረሻ አካባቢ በሚካሄደው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌስቲቫል ላይ መጽሐፍ ይሸጣል። ይህ ግን ተጨማሪ ይሁን እንጂ በስሌቱ ውስጥ አይግባ።

የቀረው የብዕር ስም ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ደራሲ ስሙን እንዲሠውር ወይም በብዕር ስም እንዲጠቀም እንደ መብት ይቆጥርለታል፤ ስለዚህ መብትዎን አያጡም። የደራሲነት መብትም የሚወለደው ከምዝገባ አይደለም፤ ወጥ የሆነ ሥራ ግዙፍነት እንዳገኘ፣ በእርስዎ ሁኔታ ደብተሩ ላይ እንደሰፈረ፣ ጥበቃ ያገኛል። የኢኮኖሚ መብቱ፣ ማለትም ከሥራው ገንዘብ የማግኘት መብቱ፣ ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስ፣ ከዚያም ለወራሾቹ ለ50 ዓመት ይጸናል። ይሁን እንጂ በብዕር ስም የሚጽፍ ሰው ጸሐፊው እሱ መሆኑን የማስረዳት ጣጣ ሊገጥመው ስለሚችል፣ እነዚያን በቀን የተመዘገቡ ደብተሮች አይጣሏቸው፤ ሥራውንም በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን በኩል ያስመዝግቡ። በሽፋኑ ላይ የብዕር ስምዎ ይውጣ፤ ከማተሚያ ቤቱና ከአከፋፋዩ ጋር የሚፈራረሟቸው ውሎች ግን በመታወቂያዎ ላይ ባለው ስም ይሁኑ።